ቪትዟን ሳናውቃት

ማደያ ገብቶ «የአምስት መቶ ብር» የማይል የአዲስ አበባ ባለመኪና እስካሁን አላጋጠመኝም። ቀጂውም «ስንት ላድርግልህ?» ሲል የጠየቀው ብሩን እንጂ ሊትሩን እንዳልሆነ ሁለቱም ያውቁታል። አንጀቴን የሚያሳርረኝ ይህ ልማድ ነው። በብር የሚቀዳ ሰው አምስት መቶዋ ቶሎ ስታልቅበት መኪናው አብዝቶ እየጠጣ ይሁን ወይስ ብሩ የሚገዛው ቤንዚን አንሶ መለየት አይችልም። ሁለቱ ይደበላለቁበትና «ነዳጅ ተወደደ» ብሎ ይገላገላል። መወደዱንስ ተወዷል። ግን ከወጪያችን ስንቱን ዋጋው ወሰደው፣ ስንቱን እኛው አቃጠልነው? ይህን ማወቅ የምንችልበት፣ ማወቁም ርካሽ የነበረበት ዘመን ነበረን። በላነው።

የማወራው ስለ ቪትዝ ነው። ቶዮታ በ1999 እ.ኤ.አ. አወጣት፤ አውሮፓውያን ያሪስ በሚል ስሟ ተቀብለው የ2000 የዓመቱ መኪና ብለው ሸለሟት። እኛ ዘንድ የመጣችው አገልግላ ነው፤ ብዙዎቹ መሪያቸው ዱባይ ላይ ከቀኝ ወደ ግራ ተዛውሮ። ዕቁብ የወጣለት መምህር፣ ከመሥሪያ ቤቷ ብድር ያገኘች ነርስ፣ ከዓረብ አገር እህቱ የላከችለት ልጅ፣ የመጀመሪያ መኪናቸው እሷ ነበረች። የአንድ ሊትር ሞተር፣ ከአንድ ቶን በታች ክብደት። ቤንዚኑን ጠብታ ሳይቀር በዶላር ለሚያስመጣ አገር ከዚህች የተሻለ የሚስማማ መኪና ማን ሊሠራልን ነበር?

ደላላው «ነዳጅ ታሸታለች እንጂ አትጠጣም፣ በሊትር ሃያ ትሄዳለች» ይል ነበር። ቁጥሩን ከሜዳ አላፈሰውም። ጃፓኖች በዚያን ጊዜ ይለኩበት የነበረው «10-15» የሚባል ሙከራ ቤት ውስጥ፣ በሚሽከረከር ብረት ላይ፣ ቀድሞ በሞቀ ሞተር፣ በሰዓት ከ70 ኪሎ ሜትር ሳይታለፍ የሚካሄድ ነበር። ያ ሙከራ የመገናኛን ሰልፍ አያውቅም፤ የሽሮ ሜዳን ዳገትም አያውቅም። ስለዚህ ቪትዟ ሃያውን ሳትሄድ ስትቀር ገዢው ወይ ደላላውን ረገመ፣ ወይ ዝም አለ። ሌላ መንገድ ግን ነበር፦ ታንከሩን እስከ አፉ ሞልቶ ኪሎ ሜትሩን መመዝገብ፣ እንደልብ ነድቶ ተመልሶ እስከ አፉ መሙላት፣ የተነዳውን ኪሎ ሜትር ለገባው ሊትር ማካፈል። የአራተኛ ክፍል ሒሳብ ነው። ይህን በወጉ ያደረገ ሰው ስፈልግ ያገኘሁት ጥቂት የታክሲ ሾፌሮችንና አንድ ሁለት ጡረተኛ መሐንዲሶችን ብቻ ነው።

ሳንለካ የቀረነው ምን እንዳስከፈለን ልንገራችሁ። መኪናዋ ውሃ ስታፈላ ጋራዥ ትገባለች። መካኒኩ ቴርሞስታቱን ይፈታና «ይሄ ለእኛ አገር አይሆንም» ብሎ ይጥለዋል። ሙቀቱ ይወርዳል፤ ባለቤቱም አመስግኖ ይሄዳል። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሞተሩ በወጉ አይሞቅም። የሞተሩ ኮምፒውተር ደግሞ መኪናዋ ገና ከብርድ የተነሣች መስሎት ቤንዚን ያበዛል። እየለካ የሚነዳ ሰው በሁለት ሙሌት ውስጥ «ምን ሆነች?» ብሎ ይጠይቅ ነበር። በብር የሚቀዳው ግን ምንም አያይም፤ በዚያ ላይ ዋጋው በዚያው ሰሞን ከጨመረ ጭራሽ ተሸፈነ።

ጎማውም እንደዚያው። የንፋሱ ልክ የተለጠፈው ሾፌሩ በሚገባበት በር በኩል ነው፤ መሪዋ በተዛወረባት ቪትዝ ላይ እንግዲህ ተሳፋሪው በሚገባበት ቀርቷል። (መሪውን ያዛወረ ሰው ወረቀቱን ለማዛወር አለማሰቡ አንዳንዴ ያስቀኛል።) ጽሑፉ ጃፓንኛ ነው፤ ቁጥሩ ግን ቁጥር ነው። እኛ ጎሚስታውን «እስቲ አየት አድርጋት» እንለዋለን፤ እሱም በእግሩ መታ መታ ያደርግና «ደህና ናት ጋሼ» ይላል። የለሰለሰ ጎማ በየዙሩ ይታጠፋል፣ በየዙሩም ሞተሩን ያስለፋዋል። ንፋስ በርካሽ በሚሞላበት ከተማ ጎማን ለክቶ መሙላት ስንችል ተውነው።

ከሁሉ የሚያበሽቀኝ ግን ቁልቁለቱ ነው። ከእንጦጦ ወደ ስድስት ኪሎ፣ ከጎሃ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ ሲወረድ ማርሹን ዜሮ ላይ መልቀቅ ከአባት ወደ ልጅ የተላለፈ ብልሃት ነው። ካርቡራተር ለነበረው የአባቶቻችን ቮልስ፣ አደጋው እንዳለ ሆኖ፣ ጥቂት ያተርፍ ነበር። ቪትዟ ግን ቤንዚን በኢንጀክተር የምትረጭ ናት። ማርሽ ውስጥ እንዳለች እግር ከነዳጅ መስጫው ሲነሣ መርጫው ጨርሶ ይዘጋል፤ ሞተሩን የሚያዞረው የጎማው ግፊት ይሆናል። ዜሮ ላይ ስትገባ ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ቤንዚን መርጨት ትጀምራለች። አገሬው እቆጥባለሁ ብሎ እግዜር በነፃ ለሰጠው ቁልቁለት ሲከፍል ኖረ፤ ያውም ፍሬኑን አግሎ፣ ነፍሱን አስይዞ። አንድ ጊዜ እንኳ ለክቶ ያየ ቢኖር ይህ ልማድ እስከ ዛሬ በቆየ?

ሌላውን ላሳጥረው። ትምህርት ቤት በር ላይ ልጅ ስንጠብቅ ሞተር አናጠፋም፤ እንዲህ ያለ ትንሽ ሞተር ቆሞ በሰዓት ግማሽ ሊትር ገደማ ይበላል። የአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ በ2007 ሲከፈትልን ደግሞ ቪትዟን በ120 አስጮህናት። አየር የሚታገልበት ጉልበት በፍጥነቱ ካሬ ስለሚያድግ በ120 የሚገጥማት አየር በ90 ከሚገጥማት 1.8 እጥፍ ገደማ ይከብዳል። የምናተርፈው ጊዜ ከአንድ ማኪያቶ አያልፍም።

አሁን ሒሳቡን እንየው። እነዚህ ስንፍናዎች ተደማምረው በመቶ ኪሎ ሜትር ሁለት ሊትር ብቻ አባከኑ እንበል። በዓመት 12 ሺህ ኪሎ ሜትር ለሚነዳ ሰው 240 ሊትር ነው። መንግሥት ድጎማውን ማንሳት በጀመረበት በ2014 ክረምት መግቢያ ቤንዚን አዲስ አበባ ላይ በሊትር 47 ብር ከ83 ሳንቲም ገባ፤ የዓመቱ ብክነት 11 ሺህ 500 ብር ገደማ መሆኑ ነው። በ2017 የገና ሰሞን ሊትሩ 101 ብር ከ47 ሳንቲም ሲሆን ያው ብክነት፣ ያው ስንፍና፣ ከ24 ሺህ ብር በላይ ሆነ። ደመወዝተኛ ነው ይህን የሚከፍለው፤ ለልጁ ትምህርት ቤት ክፍያ ቀነ ቀጠሮ የሚለምን ሰው።

የሚገርመው፣ የቤንዚን ዋጋ ምን እንደሚያመጣ ከእኛ በላይ ማን ያውቃል? በ1966 የካቲት ዋጋው ሲጨምር የአዲስ አበባ ታክሲዎች ቆሙ፣ ዋጋው ተመልሶ እንዲቀንስ ተደረገ፣ ንጉሡ ግን በ1967 መስከረም መውረዳቸው አልቀረም። በነዳጅ ዋጋ ዙፋን ሲነቃነቅ ያየ ሕዝብ፣ ሃምሳ ዓመት ቆይቶም ሊትር መቁጠር አልለመደም። ዋጋውን እንረግማለን፤ መጠኑን አንጠይቅም።

ይባስ ብሎ መዝገቡ ኪሳችን ውስጥ ነበር። ከ2015 ሚያዝያ ጀምሮ አዲስ አበባ ላይ ነዳጅ በስልክ ብቻ እንዲከፈል ሲደረግ ሰዉ ስለ ኔትወርክ አጉረመረመ፤ ልክም ነበር። ነገር ግን ከዚያን ቀን ወዲህ እያንዳንዱ የነዳጅ ክፍያ ከነቀኑና ከነብሩ ስልኩ ላይ ተጽፎ ተቀምጧል። የሊትሩን ዋጋ የሚወስነው መንግሥት ስለሆነ ብሩን ለዕለቱ ዋጋ ማካፈል ሊትሩን ይሰጣል። የቀረው ኪሎ ሜትሯን ማየት ብቻ ነበር፤ እሷም ዳሽቦርዱ ላይ በየቀኑ እያፈጠጠችብን ነው። ደብተር እንኳ ሳያስፈልገን፣ ማስታወስ እንኳ ሳይጠበቅብን! ምነው አንዱ ጋዜጣ፣ አንዱ የመንጃ ፈቃድ ማሠልጠኛ፣ አንዱ አጎት እንኳ «ልጄ፣ ሊትሩን ቁጠር» ቢለን? ማሠልጠኛው የሞተር ክፍሎችን ስም አስሸመደደን፤ ሞተሩ ስንት እንደሚጠጣ ማወቂያውን አላስተማረንም።

ደግሞ በሩ ተዘጋ። በ2012 የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ ሕግ ያገለገለ መኪናን ክፉኛ አስወደደው፤ በ2016 አጋማሽ ላይ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ማስገባት ተከለከለ። እነዚያ ቪትዞች ዛሬም መንገድ ላይ አሉ፤ ሞተራቸው አርጅቶ፣ ቴርሞስታታቸው ተፈትቶ፣ ዋጋቸው ግን የመጀመሪያ ባለቤታቸው ከሰጠው ብዙ እጥፍ ሆኖ። ገና ስትመጣልን፣ ቤንዚኑም በድጎማ በነበረ ጊዜ ልናውቃት የሚገባንን መኪና አሁን ሦስተኛና አራተኛ ባለቤት፣ ቤንዚን በተወደደበት፣ ከባዶ ሊማራት ነው።

የመጀመሪያ መኪናውን ዛሬ የሚገዛው ወጣት የኤሌክትሪክ መኪና መሸጫ ሄዶ «በአንድ ቻርጅ ስንት ትሄዳለች?» ይላል። ሻጩ የሚመልስለት ቻይናዎቹ በላቦራቶሪ ያገኙትን ቁጥር ነው፤ ይህም ሙከራ ሽሮ ሜዳን አያውቅም። ልጁ አምኖ ይወስዳትና ማታ ማታ ቤቱ ይሰካታል። ስንት ኪሎዋት ሰዓት እንደገባት ግን አይጠይቅም፤ ወሩ ሲያልቅ የሚያየው የመብራቱን ብር ነው። የመብራት ታሪፍ ደግሞ ከ2017 መስከረም ጀምሮ ለአራት ዓመት በየሦስት ወሩ እንዲጨምር ተወስኗል።