በገመድ የተያያዙት አራቱ ተከላካዮች

የንባብ ክፍል፦ ነህምያ ምዕራፍ 4፤ ዘዳግም 25፥17-18



እኛ ኳስ ችለን አናውቅም። በልጅነታችን በጨርቅ ኳስ ስንጫወት ጓደኞቻችን ሁልጊዜ በረኛ ያደርጉን ነበር፤ ሌላ ቦታ ስለማንጠቅም ነው። ዕድሜያችን ሃምሳን ካለፈ በኋላ ግን እዚህ ነቀምቴ፣ አንድ ሜዳ ዳር ቆመን ያየነው የኳስ ልምምድ ለብዙ ሳምንት ከአእምሯችን አልወጣ አለ። ስለዚህ ልናካፍላችሁ ወደድን።

ከምእመኖቻችን አንዱ የሰፈር ታዳጊዎችን ያሰለጥናል። ከጊምቢ ከሚመጣ ቡድን ጋር ሊጫወቱ ሳምንት ሲቀራቸው ልጆቹን መጥተን እንድንጸልይላቸው ጠየቀን። ማልደን ሄድን። ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ ሜዳው ጭቃ ነበር። እንደደረስን ያየነው ነገር አሳቀን፤ አራት ልጆች ወገባቸውን በአንድ ረጅም ገመድ ታስረው በመስመር ቆመዋል። በአንዱና በሌላው መካከል ያለው ገመድ ስምንት ሜትር ያህል ይሆናል። ሌሎቹ ልጆች ኳሱን ከአንዱ መስመር ወደ ሌላው መስመር ያቀብላሉ፤ አራቱ ደግሞ ኳሱ ወደሄደበት አብረው ይንሸራተታሉ። አንዱ ሲዘገይ ገመዱ ይወጠርና ጓደኛውን ጎትቶ ጭቃ ውስጥ ይጥለዋል። ሁሉም ይስቃሉ፤ ይነሱና እንደገና ይጀምራሉ።

ምክንያቱን ስንጠይቀው አሰልጣኙ እንዲህ አለን፦ «ፓስተር፣ የሚመጡት ልጆች ሁለቱም የመስመር አጥቂዎቻቸው ፈጣን ናቸው። ሜዳውን ዳር እስከ ዳር ያሰፉታል። የሚፈልጉት አንዱን ተከላካይ ብቻውን ማግኘት ነው። ብቻውን ከተገኘ ደግሞ ጎበዝም ቢሆን ይታለፋል።»

ነገሩን ለማታውቁ ትንሽ እናብራራው። አንድ ሙሉ የኳስ ሜዳ ብዙውን ጊዜ 68 ሜትር ያህል ወርድ አለው። አራት ተከላካዮች ይህን እኩል እንካፈለው ቢሉ ለእያንዳንዳቸው 17 ሜትር ይደርሳቸዋል፤ 17 ሜትር ሜዳ ብቻውን መጠበቅ የሚችል ሰው የለም። አጥቂው ዳር ይዞ ሲቆም የቀኝ ተከላካዩ ወደ እርሱ ይሳባል፤ በእርሱና በመሐል ተከላካዩ መካከል በር ይከፈታል። ኳሱም በዚያ በር ይገባል። ታዲያ መፍትሔው ምንድን ነው? ግቡ 7 ሜትር ከ32 ሳንቲ ሜትር ብቻ መሆኑን ማስታወስ ነው። ተከላካዮቹ ሜዳውን በሙሉ አይጠብቁም፤ ወደ ግቡ የሚወስደውን መንገድ ይጠብቃሉ። ኳሱ በቀኝ ሲሆን ሁሉም ወደ ቀኝ ይጠጋሉ፤ የግራውን ዳር ለጊዜው ይተውታል። አንዱ ኳስ ወደያዘው ሲወጣ ሌላው ከኋላው ይሸፍነዋል። በረኛው ሁሉን ስለሚያይ ይጮኻል፤ እነርሱም ድምፁን ይሰማሉ። ይህ ሁሉ በጨዋታው ቀን የሚማሩት አይደለም። በሳምንቱ ውስጥ፣ ተመልካች በሌለበት፣ በጭቃ ላይ የሚለመድ ነው።

ይህን ታሪክ ከሚኒሶታ ለዘመድ ጥየቃ ለመጣ አንድ ወንድም ስናወራው ፈገግ አለ። በአሜሪካ ኮሌጆች ኳሱ በእጅ እየተያዘ በሚጫወቱት እግር ኳስም ይኸው ችግር አለ አለን። ጥንት አጥቂዎቹ መሐል ላይ ተሰብስበው በጉልበት ይገፉ ነበር፤ ተከላካዮቹም ግዙፋን ነበሩ። በኋላ ብዙ ቡድኖች አጥቂዎቻቸውን በሜዳው ወርድ ሁሉ መበተን ጀመሩ፤ ያን ጊዜ ግዙፉ ተከላካይ በሰፊ ሜዳ ላይ ከፈጣን ሯጭ ጋር አንድ ለአንድ ተፋጠጠ። አሰልጣኞቹ ከግዙፋኑ አንዱን አስወጥተው ቀልጣፋ ሰው ማስገባት ነበረባቸው። ደግሞም በሳምንቱ ልምምድ ላይ ተጠባባቂዎቹ የመጪውን ተጋጣሚ አጨዋወት እየኮረጁ ይገጥሟቸዋል። ቅዳሜ የሚመጣውን ማክሰኞና ረቡዕ አስቀድመው ያዩታል ማለት ነው። ሐዋርያው ጳውሎስ የሰይጣንን አሳብ እንደማይስተው ለቆሮንቶስ ሰዎች ሲጽፍ (2ኛ ቆሮንቶስ 2፥11) የተናገረው ስለዚህ ዓይነቱ ንቃት ይመስለናል።

አሁን ወደ ራሳችን አገር እንመለስ። ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ፤ በ2005 ዓ.ም. ብሔራዊ ቡድናችን በአሰልጣኝ ሰውነት ቢሻው መሪነት ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ተመለሰ። ጥር 13 ቀን በደቡብ አፍሪካ ከዋንጫው ባለቤት ከዛምቢያ ጋር ተጫወተ። እኛም እዚሁ ነቀምቴ አንድ ሻይ ቤት ውስጥ ተጣበን እናይ ነበር። በመጀመሪያው አጋማሽ በረኛው ጀማል ጣሰው በቀይ ካርድ ወጣ። ቡድኑ በ10 ሰው ቀረ፤ ቀጥሎም ጎል ገባበት። አለቀ ብለን አንገታችንን ደፋን። እነርሱ ግን ተጠጋጉ፤ አንዱ ለአንዱ ሮጠ። በሁለተኛው አጋማሽ አዳነ ግርማ አገባና ጨዋታው 1 ለ 1 አለቀ። ሻይ ቤቱ በእልልታ ተናወጠ።

ከአራት ቀን በኋላ ጥር 17 ከቡርኪና ፋሶ ጋር ተጫወትን። 1 ለ 0 እየተመራን ሳለ በዚህ ጊዜ በቀይ ካርድ የወጣው የእነርሱ በረኛ ሆነ። እኛ 11፣ እነርሱ 10። አሁን የእኛ ተራ ነው አልን። የሆነው ግን ሌላ ነው፤ ጎል ፍለጋ ወደ ፊት ስንወጣ ከኋላ የቀረው ሜዳ ሰፋ፤ ቀሪዎቹ ሦስት ጎሎች የገቡብን ከዚያ በኋላ ነው። 4 ለ 0 ተሸነፍን። ይህን የምንጽፈው ተጫዋቾቹን ለመውቀስ አይደለም፤ አገር ያኮሩ ልጆች ናቸው። ነገር ግን ሁለቱን ቀኖች ጎን ለጎን ስናስቀምጣቸው የራሳችንን የቤተ ክርስቲያን ታሪክ አየንበት።

በልጅነታችን በደርግ ዘመን በወለጋ ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ተዘግተው ነበር። አገልጋዮች ታሰሩ። የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ የነበሩት የቦጂው ተወላጅ ቄስ ጉዲና ቱምሳ በ1971 ዓ.ም. ተወስደው ተገደሉ። በ10 ሰው የቀረን ያን ጊዜ ነበር። ታዲያ ምን አደረግን? ተጠጋጋን። ታላላቆቻችን በየቤቱ በሩን ዘግተው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ይጸልዩ ነበር። አንድ ሰው አንድ ሳምንት ከጠፋ በማግስቱ ደጁ የሚያንኳኳ ነበረው፤ «ታስሮ ይሆን? ታሞ ይሆን? ተስፋ ቆርጦ ይሆን?» ተብሎ ይፈለጋል። ከ1983 ዓ.ም. በኋላ በሮች ተከፈቱ። አዳራሾች ሠራን፤ ድምፅ ማጉያ ገዛን፤ በየወረዳው የስብከት ጣቢያ ከፈትን። ጌታ ይመስገን፣ ሜዳው ሰፋ! ነገር ግን ሜዳው ሲሰፋ በመካከላችን ያለውም ርቀት አብሮ ሰፋ። ዛሬ ሰው ሦስት ወር ቢጠፋ «ሥራ በዝቶበት ይሆናል» እንላለን።

እዚህ ላይ የራሳችንን በደል መናገር አለብን። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ወጣት ወንጌላዊ ከከተማ ራቅ ወዳለ የስብከት ጣቢያ መደብን። እጅ ጭነን ጸለይን፤ ሸኘነው። መንገዱ ክፉ ነበር፤ የስልክ ኔትወርኩም አንዳንዴ አለ፣ አንዳንዴ የለም። ወር በገባ ቁጥር እየደወልን ሪፖርት እንጠይቀው ነበር፤ ስንት ሰው አመነ? ስንት ተጠመቀ? አስራት ስንት ተሰበሰበ? እርሱም ይነግረናል፤ እኛም «ጌታ ይባርክህ፣ በርታ» ብለን ስልኩን እንዘጋለን። በሁለተኛው ዓመት ሪፖርቱ ተቋረጠ። መጠጥ መጀመሩን፣ ባለቤቱም ልጃቸውን ይዛ ወደ ወላጆቿ መሄዷን ከሌላ ሰው ሰማን።

ሄድን። ቡናውን ራሱ አፍልቶ ሰጠን። ለረጅም ጊዜ ዝም ብለን ተቀመጥን። በመጨረሻ እንዲህ አለ፦ «ፓስተር፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ስንት ሰው እንደዳነ ጠይቃችሁኛል። እኔ እንዴት እንደሆንኩ ግን አንድ ቀን አልጠየቃችሁኝም።»

መልስ አልነበረንም። በነገረ መለኮት ኮሌጅ ስለ ኃጢአትና ስለ ውድቀት ብዙ ገጽ ጽፈን ጥሩ ውጤት አግኝተናል። የዚያን ወንድም ውድቀት ግን ከመጠጡ በፊት እኛ በመካከላችን በተውነው ርቀት ጀምሯል። ጠላት የፈለገው አንድ ሰው ብቻውን ማግኘት ነበር፤ ያን ሰው ዳር ላይ ብቻውን ያቆምነው ደግሞ እኛ ነን።

መጽሐፍ ቅዱስ ይህን ውጊያ ያውቀዋል። በዘዳግም 25 ሙሴ ለእስራኤል አማሌቅ ያደረገውን አስቡ ይላቸዋል፤ አማሌቅ የመታው ደክመው ከኋላ የቀሩትን ነው። ነህምያም ቅጥሩን ሲሠራ ችግሩን በግልጽ አየ፤ ሥራው ታላቅና ሰፊ ስለሆነ ሠራተኞቹ በቅጥሩ ላይ ተራርቀው ቆመዋል። ቅጥሩን ማሳጠር አልቻለም። ስለዚህ መለከት የሚነፋውን ሰው ከጎኑ አቆመ፤ ድምፁን በሰማችሁበት ስፍራ ወደ እኛ ተሰብሰቡ አላቸው፤ እግዚአብሔርም እንደሚዋጋላቸው ነገራቸው። ልብ በሉ፤ መለከቱ የሚጠቅመው ሲነፋ የሚነሣ ሰው ካለ ብቻ ነው። ያ ወንድም ሪፖርቱን ሲያቋርጥ መለከት መንፋቱ ነበር፤ እኛ አልሰማንም።

ከዚያ ወዲህ ሁለት ነገር ለወጥን። ጌታ ደቀ መዛሙርቱን እንደላከ (ማርቆስ 6፥7) አገልጋይን ሁለት ሁለት አድርገን እንመድባለን፤ በጀቱ ባይፈቅድ እንኳ አንዱን ጣቢያ ዘግይተን እንከፍታለን እንጂ ሰው ብቻውን አንልክም። ሐሙስ ማታ ደግሞ በየተራ እንደዋወላለን። በዚያ ስልክ ላይ ቁጥር መጠየቅ ክልክል ነው። «እንዴት አደርክ? ቤት እንዴት ነው? ምን ከበደህ?» ብቻ። መጀመሪያ ላይ ዝምታ ይበዛ ነበር። አሁን ግን እያደር ሰው መናገር ጀምሯል።

አንተስ ወንድሜ፣ አንቺስ እህቴ? ገመድህ ከማን ጋር ታስሯል? በዚህ ሳምንት ብትዘገይ ወገቡ ላይ የሚሰማው ማን ነው? ከነቀምቴ ወጥታችሁ በአዲስ አበባ፣ በዓረብ አገር ወይም በአሜሪካ የምትኖሩ ልጆቻችን፣ እሁድ በስልክ ስብከት መስማት መልካም ነው፤ ስልኩ ግን ስትወድቁ ጎትቶ አያስነሣም። አንድ ሰው ፈልጉ። ለአንድ ሰው ስለ ራሳችሁ እውነቱን ንገሩ። ይህን ዛሬ፣ ሜዳው ጸጥ ባለበት ቀን አድርጉት።

ገና ጌታን ሳታምኑ ይህን ለምታነቡ ደግሞ አንድ ቃል አለን። በጌቴሴማኒ ሌሊት ደቀ መዛሙርቱ ሁሉ ኢየሱስን ትተው ሸሹ። የሰውን ሁሉ ኃጢአት ተሸክሞ በመስቀል ላይ ብቻውን ቀረ። ብቻውን የቀረው እናንተ ለዘላለም ብቻችሁን እንዳትቀሩ ነው። እርሱ ሞትን ድል አድርጎ ተነሥቷል፤ ዳር ላይ የቆመውን ፈልጎ የሚመጣ እረኛም እርሱ ነው። በያላችሁበት ብትጠሩት ይሰማል።

ስለ ወንድማችን ለምትጠይቁን፦ ባለቤቱ ተመልሳለች። እርሱ ወደ አገልግሎት ገና አልተመለሰም፤ እኛም አላስቸኮልነውም። እሁድ እሁድ መጥቶ ከኋላ ወንበር ይቀመጣል። ስብከቱ የሌላ አገልጋይ በሆነበት ቀን እኛም ከመድረክ ወርደን ከጎኑ እንቀመጣለን።

እንጸልይ። አባት ሆይ፣ ሰፊ ሜዳ ሰጥተኸናል፤ እናመሰግንሃለን። ሜዳው ሲሰፋ እኛ ተራርቀን ስለቆምን ይቅር በለን። ዛሬ ዳር ላይ ብቻውን የቆመውን አሳየን፤ ወደ እርሱም የምንሮጥበትን እግር ስጠን። በልጅህ በኢየሱስ ክርስቶስ ስም፣ አሜን።

ጌታ ይባርካችሁ።