አንድ የዕረፍት ቀን በሮም

ለመምህራን አጭር ሥልጠና ሁለት ሆነን ወደ ኢጣሊያ ሄደን መመለሳችንን ብዙዎቻችሁ ሰምታችኋል። በውሃ ወረፋም በራሽን ወረፋም «ሮም እንዴት ናት?» እያላችሁ ስለጠየቃችሁን፣ በነበረችን አንድ የዕረፍት ቀን ያየነውን እነሆ ጽፈናል።

ያስጎበኙን ሁለት ወዳጆቻችን ናቸው። አንደኛው እዚሁ ካምፕ ያስተማርነው ልጅ ነው፤ ዛሬ ምግብ ቤት ውስጥ ሳህን ያጥባል። ሁለተኛዋ እህታችን አንዲት አሮጊት ትጦራለች። ሁለቱም የቀን ሒሳባቸውን ትተው ነው ለኛ ሲሉ ከሥራ የቀሩት።

ቴርሚኒ ከሚባለው ባቡር ጣቢያ ተነሳን። ፊት ለፊቱ ያለው አደባባይ «የአምስት መቶዎቹ አደባባይ» ይባላል። እነማን ናቸው ብትሉ፣ በጥር 1879 ዓ.ም. ዶጋሊ ላይ በራስ አሉላ ጦር የወደቁት የኢጣሊያ ወታደሮች ናቸው። ትንሽ አለፍ ብሎ ደግሞ ከጥንት ግብጽ የመጣ ሐውልት ለመታሰቢያቸው ቆሟል።

ቀጥለን በባቡር ኮሎሲየም ደረስን። 50,000 ያህል ተመልካች ይይዝ የነበረ፣ ከ1,900 ዓመት በላይ የቆየ የድንጋይ ሥራ ነው። መግቢያው በክፍያ ስለሆነ በውጭ ዞረን አየነው። ልጁ አንገቱን ቀና አድርጎ «ቲቸር፣ እዚህ አገር ስድስት ዓመቴ ነው። በአውቶቡስ ሳልፍ እንጂ ቆሜ ሳየው ዛሬ ገና ነው» አለን።

ከዚያ በእግራችን ወደ ፖርታ ካፔና ሄድን። እ.ኤ.አ. በ1937 የተወሰደው የአክሱም ሐውልት እስከ 2003 ድረስ የቆመው እዚህ ነበር። በ1947ቱ የሰላም ውል ይመለሳል ቢባልም አገሩ የገባው በ2005 ነው፤ በሦስት ተከፍሎ በአውሮፕላን። አክሱም ላይ ዳግመኛ የቆመው ደግሞ በ2008 ነው። ሥፍራው ላይ ዝም ብለን ጥቂት ቆምን።

የውሃውን ነገር ሳንነግራችሁ አናልፍም። በየመንገዱ ዳር ቀንና ሌሊት የሚፈስ የመጠጥ ውሃ ቧንቧ አለ። አፈሙዙ አፍንጫ ስለሚመስል «ናዞኒ» ይሉታል። በነፃ ነው። ጠጥተን ስንጨርስ ከልማድ የተነሳ ዞር ብለን ወረፋ የሚጠብቅ ሰው ፈለግን፤ ማንም የለም።

ምሳችን በኪሎ ተመዝኖ የሚሸጥ ፒሳ ነበር። ቡናውን ቆሞ የጠጣ ከተቀመጠው ያነሰ ይከፍላል ስላሉን ቆመን ጠጣን። «ማኪያቶ» ስንል አሳላፊው ወዲያው ገባው፤ ቃሉ ከነሱው የመጣ አይደል!

ከሰዓት በኋላ ቫቲካን፣ የቅዱስ ጴጥሮስ አደባባይ ነበርን። ከትልቁ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ፣ በግንቡ ውስጥ፣ የሐበሾች ቅዱስ እስጢፋኖስ የሚባል ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን አለ። እኛ አልገባንም፤ ታሪኩን ግን ተጨዋወትን። በ16ኛው መቶ ዓመት አገራችን በጦርነት ስትታመስ ተሰደው እዚያ ካረፉት መነኮሳት አንዱ አባ ተስፋ ጽዮን ነበሩ። እኚህ ሰው እ.ኤ.አ. በ1548 እና 1549 አዲስ ኪዳንን በግዕዝ አሳተሙ። ማተሚያ ቤት ውስጥ ፊደሉን የሚያውቅ ሠራተኛ በሌለበት ከተማ፣ በስደት ላይ ሆነው የሠሩት ሥራ ነው።

ማታ ቴርሚኒ አጠገብ በሐበሻ ምግብ ቤት እንጀራ ከበን ተቀመጥን። ሒሳቡን እንድንከፍል ቢለመኑም እምቢ አሉ። ስለናንተ ጠየቁን፤ ማን ሄደ፣ ማን ቀረ፣ የትምህርት ቤቱ ዛፍ አለ ወይ እያሉ። በመጨረሻ ልጁ እንዲህ አለን፦ «እዛ እያለሁ ፕሮሰሴ ሲያልቅ እማራለሁ እያልኩ አራት ዓመት ቁጭ አልኩ። እዚህ ስመጣ ደግሞ ጊዜው የለም። ቋንቋውን ከሥራ መልስ እያንቀላፋሁ ነው የተማርኩት። ለልጆቹ ንገሩልኝ።»

እህታችንም «እኔ ልብስ ስፌቱን ካምፕ ውስጥ ባልማር ኖሮ የዕረፍት ቀን ገቢ አይኖረኝም ነበር» ስትል ጨመረችበት።

እንግዲህ መልእክቱን አድርሰናል። አባ ተስፋ ጽዮን ሥራቸውን ለመጀመር አገራቸው እስኪገቡ አልጠበቁም። እኛም ፕሮሰሱ የሚፈጀውን ይፍጅ፣ ዛሬ የምንችለውን እንያዝ። የማታው ክፍል ሁልጊዜ ከ11 ሰዓት ጀምሮ ክፍት ነው፤ ደብተር የሌለው ባዶ እጁንም ቢሆን ይምጣ።