ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ በአሮጌ መርሴዲስ

ስለ መንገድ የሚጻፍ ነገር ብዙውን ጊዜ የተራራና የወንዝ ወሬ ይሆናል። እኛ ግን ዛሬ ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ የሚደርሰውን 30 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድና በዚያው መንገድ የተሳፈርንባትን አንዲት አሮጌ አውቶሞቢል አንድ ላይ እንተርካለን። ጊዜው ጥር 2015 ዓ.ም. ነበረ። የሄድነውም ለሽርሽር አይደለም፤ ሁለት እኅትማማቾችና አንድ ወንድማቸው በአባታቸው ውርስ ስለ ተጣሉ፣ በሽማግሌዎች ፊት የሚነገረውን ቃል በጽሑፍ እንድናኖርላቸው ለምነውን ነው። ጠባቸውም በመሬት ወይም በቤት አልነበረም፤ በዚህችው በአውቶሞቢሏ ነበረ እንጂ።

ነገሩ እኛንም ይነካን ነበረ። በ2003 ዓ.ም. አባታቸው ባረፉ ጊዜ የንብረቱን ዝርዝር በገዛ እጃችን የጻፍንላቸው እኛ ነን። የፍርድ ቤት ጸሐፊ ከሥራው ሰዓት ውጭ እንዲህ ያለውን ነገር ሲለመን እምቢ ማለት አይሆንለትም። መኪናይቱ ያን ጊዜ በጓሮ በቆርቆሮ ዳስ ሥር ቆማ፣ ጎማዋ መሬት ነክቶ፣ በኋላ መቀመጫዋ ላይ ዶሮ ታቅፋ ነበረች። እኛም ከሩቅ አየት አድርገን፣ «መርሴዲስ አውቶሞቢል፣ አሮጌ፣ የማይሠራ፣ ግምት 30,000 ብር» ብለን ጻፍን። ኮፈኑን እንኳ አላስከፈትንም። ታላቂቱ እኅት ቤቱን፣ ሁለተኛይቱ የእህል ወፍጮውን፣ ታናሽ ወንድማቸው መኪናይቱንና ጥቂት ገንዘብ ወስደው ሦስቱም ፈረሙ። በዚያ ቀን ሰው ሁሉ ያዘነው ለወንድምየው ነበረ። ከ12 ዓመት በኋላ ግን አንድ ነጋዴ ከአዲስ አበባ መጥቶ 600,000 ብር እሰጣለሁ አለ፤ ጠቡም ከዚያ ቀን ጀመረ።

ቅዳሜ ጧት ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር ሆነን ስንጠብቅ፣ ወንድምየው ሊወስደን የመጣው በራሷ በክርክሯ መኪና ነው። ሽማግሌዎቹ በነገሩ ላይ ተቀምጠው ነገሩን ሊፈርዱ መሄዳቸውን እያሰቡ ፈገግ አሉ። ቀለሟ ድሮ ነጭ ነበረ ይባላል፤ አሁን የቅቤ መልክ ይዟል። በኮፈኑ ጫፍ የሚቆመው ኮከብ በሌባ ስለ ተነቀለ፣ አንድ የቡሬ አንጥረኛ ከናስ ቀጥቅጦ ተክቶለታል፤ ሦስቱ ጨረሮች እኩል አይደሉም። መሪዋ እንደ ሰፌድ የሰፋ ነው። ይህ ዓይነት መርሴዲስ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1968 እስከ 1976 ድረስ የተሠራው ነው፤ አባትየው በ1964 ዓ.ም. አገሩን ከሚለቅ አንድ የውጭ አገር ሰው እጅ ገዝተውት ነበረ።

አነሣሡን ማየት ራሱ ትዕግሥት ይጠይቃል። ወንድምየው በመሪው አጠገብ ያለችውን እጀታ በጥቂቱ ሳብ አድርጎ ይጠብቃል። በፊት ለፊቱ ባለች ትንሽ ቀዳዳ ውስጥ አንዲት ሽቦ ቀስ በቀስ ትቀላለች፤ እንደ ፍም በሆነች ጊዜ እጀታውን እስከ መጨረሻው ይስበዋል፤ ሞተሩም ይነሣል። የናፍታ ሞተር የሚቀጣጠለው እንደ ቤንዚኑ በካንዴላ ብልጭታ ሳይሆን በታመቀ አየር ሙቀት ስለ ሆነ፣ በብርድ ጊዜ አስቀድሞ መሞቅ ይሻል። «ጋሼ፣ ይቺን ሽቦ ሳላያት የዋልኩ ቀን አልተነሣሁም ማለት ነው» አለን ልጁ።

ፍኖተ ሰላም ቀድሞ ወጀት ትባል የነበረች ከተማ ናት፤ የዛሬው ስሟ በግእዝ የሰላም መንገድ ማለት ነው። ከከተማው ባጃጅ መካከል እንደ ወጣን ሜዳው ተከፈተ። በጥር ወር ይህ አገር ቀይ ነው። ቡሬና ፍኖተ ሰላም በበርበሬያቸው የታወቁ ናቸውና፣ በየደጁና በየአውድማው የተሰጣው በርበሬ ከሩቅ ሲያዩት የግምጃ ምንጣፍ ይመስላል፤ መስኮት ከፍቶ ለሚያልፍ መንገደኛ ግን ማስነጠሱ አይቀርም፤ እኛንም ሽማግሌዎቹንም እስከ ማንኩሳ ድረስ አስነጥሶናል። ፊት ለፊት የሚመጡት አይሱዙና ሚኒባስ ናቸው። ሁሉም እየቀደሙን ያልፋሉ፤ መኪናይቱ በዳገት ላይ አትቸኩልም። ነገር ግን መቀመጫዋ የሚደግፍ፣ አካሄዷም የማይንጥ ስለ ሆነ፣ ከሽማግሌዎቹ አንደኛው «የሰጋር በቅሎ ናት» አሉ።

በማንኩሳ ልንጠጣ ቆምን። ሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በተባለው መጽሐፋቸው ይህችን ቦታ ላነበበ ሁሉ አሳውቀዋታል። ገና ሻይ ሳይቀርብ፣ አንድ ጠጉሩ የሸበተ የጭነት መኪና ሾፌር የራሱን መኪና ዳር አስይዞ ወረደና ወደ ልጁ መጥቶ፣ «ሞተሩን አታጥፋው፤ ልስማው» አለ። ኮፈኑ ተከፈተ። ሰውየው እጁን በሞተሩ ራስ ላይ አኑሮ ዓይኑን ጨፍኖ ቆመ። ጥቂት ቆይቶ «ካምቢዮው ተቀይሯል?» ብሎ ጠየቀ፤ አልተቀየረም ቢለው ራሱን ነቀነቀ። ዋጋዋን አልጠየቀም። እኛ በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ሳለን የኔታ የብራና ዳዊታቸውን ሲከፍቱ አስቀድመው የሚዳስሱትን አሳሰበን። ብራናም ሲያረጅ ይከብራል እንጂ አይረክስም።

በዚያው ሰዓት አንዲት ላንድሮቨር ሰውና ጤፍ ጭና በጥርጊያ መንገድ ብቅ አለች። የገጠሩ ሰው ይህችን መኪና እንደ ዘመድ ያውቃታል። በሚያዝያ 1940 ዓ.ም. በአምስተርዳም ለመጀመሪያ ጊዜ ስትታይ፣ ከጦርነቱ በኋላ ብረት ስለ ጠፋ ገላዋን በአሉሚኒየም ሠርተውት ነበረ፤ ለዚህም ነው ገላዋ በዝገት ቶሎ የማያልቀው። ያ ዓይነት ሥራ በጥር 2008 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር ሲያበቃ፣ በዚያ ያሉት ሀብታሞች አሮጌዎቹን እያሳደሱ በውድ ዋጋ መሸጥና መግዛት ያዙ። በእኛ አገር ግን እርሷ ገና ከሥራዋ አላረፈችም።

ወደ ቡሬ ስንቃረብ ሽማግሌዎቹ ስለ 1933 ዓ.ም. ያወሩ ጀመር። በዚያ ዓመት ጃንሆይ ከኦሜድላ ተነሥተው፣ በበላያ ተራራ በኩል በቡሬ አልፈው፣ መጋቢት 28 ቀን ደብረ ማርቆስ ገብተዋል። በዚያ ጉዞ መኪና በማይሄድበት ምድር ጓዙ በግመል ስለ ተጫነ፣ ግመሎቹ በብዙ ሺህ አልቀዋል። ዛሬ ቡሬ የዘይት ፋብሪካና የኢንዱስትሪ ፓርክ ያላት፣ የነቀምት መንገድ የሚገነጠልባት ከተማ ናት።

የታላቂቱ እኅት ቤት ቡና ተፈልቶ ቄጤማ ተጎዝጉዞ ጠበቀን። ከሽማግሌዎቹ አንደኛው ነገሩን የከፈቱት በጥያቄ ነው፤ «ልብስ ሲያረጅ ይረክሳል፤ በሬ ሲያረጅ ይረክሳል፤ ይህ ብረት እያረጀ ዋጋው የሚጨምረው በምን ሕግ ነው?» አሉ። ዓይናቸውም ወደ እኛ ስለ ዞረ የምናውቀውን ተናገርን።

አውቶሞቢል ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ አገራችን የገባው በ1900 ዓ.ም.፣ ቤንትሌ የተባለው እንግሊዛዊ ለዳግማዊ ምኒልክ ባመጣ ጊዜ ነው። ከዚያ ወዲህ አገራችን መኪናን በውጭ ምንዛሪ ስትገዛ ኖራለች፤ በላዩም ብዙ ዓይነት ቀረጥ ይጫናል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ደግሞ፣ ያገለገለ መኪና ከውጭ ሲገባ ዕድሜው በጨመረ ቍጥር ታክሱ እንዲከብድ አደረገ። አሮጌው ከውጭ አይገባም፤ አዲሱ አይቀመስም፤ ስለዚህ በአገር ውስጥ ያለው አሮጌ በወርቅ ይመዘን ጀመር። ቮልስዋገንን ተመልከቱ። በዓለም ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርቶ የመጨረሻው በሜክሲኮ በ1995 ዓ.ም. ወጣ፤ ሞተሩ በኋላ ነው፣ በአየር ስለሚበርድ ውኃ አይጠይቅም። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ጃንሆይ ከቤተ መንግሥታቸው የተወሰዱት በዚሁ በቮልስዋገን ነበረ። ለእኛም በ1999 ዓ.ም. አንድ ባልደረባችን የራሱን በ25,000 ብር ውሰዱ ቢለን፣ የሚያረጅ ብረት ምን ያደርግልናል ብለን ትተነዋል። ባለቤታችን እስከ ዛሬ ድረስ በእንግዳ ፊት ታነሣብናለች።

በውጭ አገር ግን ምክንያቱ ሌላ ነው አልን። እዚያ አዲስ መኪና ሞልቶ ሳለ፣ ባለጠጎች ጥቂት የተሠሩትንና ፈጣኖቹን ለፍቅራቸው ይሻሟቸዋል። በሚያዝያ 2014 ዓ.ም. በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1955 ከተሠሩት ሁለት የመርሴዲስ የውድድር መኪናዎች አንደኛው በ135 ሚሊዮን ዩሮ ተሸጧል። ሽማግሌው ይህን ሲሰሙ አማተቡ።

ታላቂቱ እኅት ግን ወደ ነገሯ ተመለሰች። «እኛ የተውናት የማይሠራ ተብሎ ስለ ተጻፈ ነው። የጻፉት ጋሼ እዚሁ አሉ» አለች። ምን እንመልሳለን? በዚያ ቀን ኮፈኑን እንዳላስከፈትን ተናገርን። ይህንንም ቃል በመዝገቡ ላይ በራሳችን እጅ ጻፍነው፤ ብዕሩ እንደዚያ ቀን ከብዶን አያውቅም።

ወንድምየው አንድ የዱቄት ወተት ጣሳ አምጥቶ በምንጣፉ ላይ ገለበጠው። የ12 ዓመት ደረሰኝ ነበረ። ከአዲስ አበባ ከሶማሌ ተራ የተገዛ ራዲያተር፣ የፍሬን ዕቃ፣ የፍሪሲዮን ሸራ፤ ጎሚኒዎቹን ደግሞ ሲቸግረው ከአሮጌ ጎማ እየቆረጠ እንደ ሠራቸው ነገረን። ቁጭ ብለን ደመርነው፤ የእጁን ድካም ሳይቆጥር ከ214,000 ብር በላይ ሆነ። ታላቂቱ እኅት ደረሰኞቹን አንድ በአንድ እያነሣች አየቻቸው፤ አንዱ ላይ ሲደርስ እጇ ቆመ። በ2008 ዓ.ም. ልጇን በሌሊት ወደ ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል ለማድረስ የተገዛ የናፍታ ደረሰኝ ነበረ። ልጁ ሂሳቡን ከሌላው ጋር ያስቀመጠው ሊያስከፍላት ሳይሆን፣ ደረሰኝ መጣል ስለማይወድ ነው። ያም ሆኖ ክርክሩ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቆየ።

ሽማግሌዎቹ መኪናይቱ የልጁ እንድትሆን፣ ለሁለቱ እኅቶቹ ለየአንዳንዳቸው 60,000 ብር በሦስት ዓመት ከፍሎ እንዲጨርስ፣ በቤተ ሰቡ ሠርግና ለቅሶም ጊዜ ያለ ክፍያ እንድታገለግል ወሰኑ። ታላቂቱ ተቀበለች። ቀኑን ሙሉ ያልተናገረችው ሁለተኛይቱ እኅት ግን፣ «እኔ ብሩን አልሻም» አለች። «አባታችን ለወንድሜ መንዳት ሲያስተምሩ እኔ ከአጥሩ ሆኜ አይ ነበረ። መንዳት ያስተምረኝ» አለች። እድሜዋ 48 ነበረ። ሽማግሌዎቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ፤ ከዚያም ጻፉት አሉን።

ከዚያ በኋላ ብዙ ነገር ተለውጧል። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልሉ ውጊያ ተነሥቶ ያ መንገድ ብዙ ጊዜ ተዘግቷል፤ እኛም እንደዚያ ቅዳሜ ዝም ብለን ሄደን አናውቅም። በጥር 2016 ዓ.ም. በኤሌክትሪክ የማይሠሩ አውቶሞቢሎች ከውጭ እንዳይገቡ ተከለከለ፤ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በጥቂት ጊዜ ከ100 ብር አለፈ፤ የአሮጌ መኪና ዋጋም አብሮ ወጣ። በ2017 ዓ.ም. ለሕዝብ በተከፈተው በብሔራዊ ቤተ መንግሥት የጃንሆይ አውቶሞቢሎች ለዕይታ ቀርበው፣ ሰው ተሰልፎ ያያቸዋል። የቡሬዋ መርሴዲስ ግን ለዕይታ አልቆመችም። ሁለተኛይቱ እኅት መንጃ ፈቃድ አውጥታ፣ ጸጥታ ባለበት ቀን በከተማው ውስጥ ትነዳታለች፤ ወንድሟ አጠገቧ ተቀምጦ በየማርሹ መጮሁን ገና አልተወም።

በዚህ ዓመት ታላቂቱ እኅት በስልክ ጠርታን፣ የቤተ ሰቡን ንብረት ዝርዝር እንደገና እንድንጽፍላት ለመነችን። እኛም ወንድምየው ሞተሩን አስነሥቶ በስልኩ እንዲያሰማን ጠየቅነው፤ ሰማነውም። ከዚያም «መርሴዲስ አውቶሞቢል፣ አሮጌ፣ የምትሠራ» ብለን ጻፍን። ግምቱን ግን እስካሁን ባዶ ትተነዋል።