ድሮ ማለት መቼ ነው?

ከፒያሳ ወደ አሞራ ገደል በምትወርድ ባጃጅ ውስጥ የቴዲ አፍሮ «ማር እስከ ጧፍ» ተከፈተ።

«ጋሼ፣ የድሮ ዘፈን ይወዳሉ?» አለኝ ሾፌሩ።

ድሮ! 2009 ድሮ ከሆነማ እኔ ቅርስ ነኝ። ዘፈኑ ያለበት «ኢትዮጵያ» የተባለው አልበም ያን ዓመት በቢልቦርድ የዓለም ሙዚቃ ሠንጠረዥ አንደኛ ወጥቷል። የእኛ ሠንጠረዥ ግን ሙዚቃ ቤት በር ላይ የተሰቀለው ስፒከር ነበር፤ በ1997 «ያስተሰርያል» ሲወጣ አንደኛውን ለማወቅ አስፋልት መሻገር ይበቃ ነበር።

ለእኔ ከሁለቱ «ያስተሰርያል» ይበልጣል፤ ተከራካሪ ካለ ይምጣ። ሆኖም የሐዲስ ዓለማየሁን በዛብህና ሰብለ ወንጌልን ባጃጅ ያሳፈረው «ማር እስከ ጧፍ» ነው፤ እሱን አልክድም።

ይህንኑ ስነግረው፣ «ሰብለ ደግሞ ማናት?» አለ ልጁ።

«ፍቅር እስከ መቃብርን አላነበብክም?»

«ዘፈኑን እየሰማሁ አይደል እንዴ፣ ጋሼ!»