የአሮጌው አጥር ጉቶ

እኛ ባልና ሚስት የምንኖረው ሰሜን ሸዋ፣ ወይና ደጋ አገር ነው። ጓሯችን አንድ አሮጌ አጥር ነበረው። የተከሉት አባታችን ናቸው፤ ነፍሳቸውን ይማረውና። ከፊሉ ወይራ፣ ከፊሉ ባሕር ዛፍ ነው። ወይራው ዛሬም እንደ ብረት ነው። ባሕር ዛፍ በ1880ዎቹ፣ በዐፄ ምኒልክ ዘመን ወደ አገራችን የገባ ዛፍ ነው። ቶሎ ያድጋል፤ ምስጥ ግን አይችልም። የእኛንም ምስጥ ከሥሩ በልቶታል። ሲያዩት ደህና ይመስላል። ሲነኩት እንደ ድርቆሽ ይፈረካከሳል።

ዐምና አጥሩ ወደ ጎረቤታችን ጓሮ ተጋደመ። ፍየላችን ዘልላ ጎመን በላች። ጎረቤታችን ባሏ የሞተባት አሮጊት እናት ናቸው፤ እማማ እንላቸዋለን። ምንም አላሉም። ዝም ማለታቸው ከስድብ ይልቅ ከበደን። «ይህን አጥር እናንሣው» አልን።

ደቦ እንዳንጠራ ጊዜው አጨዳ ነው። ልጆቻችንም ከተማ ናቸው። ስለዚህ ከገበያ ሁለት የቀን ሠራተኞች አመጣን። በቀን ሒሳብ ከሆነ ሥራው ይጎተታል ብለን ፈራን። በቁርጥ፣ በ1200 ብር ተስማማን። «አጥሩን አፍርሱልን» አልን። «እሺ» አሉ። በቃ፣ ውሉ ይኸው ነው። ወረቀት የለ፣ ምስክር የለ።

ልጆቹ ጎበዞች ናቸው። ሚስማሩን ሁሉ ነቅለው በጣሳ ሰበሰቡ። የዛገ ሚስማር እግር ከወጋ መንጋጋ ቆልፍ ሊያመጣ ይችላል። እኛ ይህን አላሰብንም፤ እነሱ አሰቡ። ከአጥሩ መሀል ቅንጭብ በቅሎ ነበር። ቅንጭብ ሲቆረጥ ነጭ ወተት ያወጣል። ወተቱ ዓይን ከገባ ክፉኛ ይጎዳል። ታናሹ ልጅ ፊቱን በጨርቅ ሸፍኖ፣ ራቅ ብሎ ቆረጠው።

ወደ ማታ ሥራው አለቀ አሉን። ሄደን ብናይ ጉቶው ሁሉ መሬት ውስጥ ቀርቷል! ከአፈር እኩል በመጥረቢያ ቆርጠውታል።

«ጉቶውስ?» አልን።

«ጋሼ፣ አፍርሱ አላችሁን እንጂ ንቀሉ አላላችሁንም» አለ ታላቁ።

እውነቱን ነው። እኛ ግን ተናደድን። 300 ብር ቀንሰን 900 ሰጠናቸው። እርስ በርሳቸው ተያዩ። ገንዘቡን ተቀብለው ሄዱ። እራት እንኳ አላቀረብንላቸውም።

በማግስቱ ጠዋት እማማ መጡ። ወንድ ልጃቸውም አብሯቸው አለ። ልጁ «ድንበሩ እዚህ ነው» ብሎ ሁለት ክንድ ያህል ወደ እኛ ገባ። እኛም «የለም፣ እዚያ ነው» አልን። ድምፃችን ከፍ አለ። በድንበር ነገር ስንት ሰው እንደ ተጋደለ ታውቃላችሁ። የይዞታ ደብተራችንን አወጣን። በምሥራቅ የሚያዋስኑን እሳቸው እንደ ሆኑ ደብተሩ ይናገራል። መስመሩ በየትኛው ድንጋይ በኩል እንደሚያልፍ ግን አይናገርም።

ይሄኔ እማማ ጎንበስ አሉ። አፈሩን በእጃቸው ጠረጉ። የወይራ ጉቶ ታየ። ትንሽ ራቅ ብሎ ሌላ። ከዚያም ሌላ።

«የአባታችሁ አጥር ይኸውላችሁ። ሲተከል ቡና ያፈላሁት እኔ ነኝ» አሉ።

ልጁ ዝም አለ። እኛም ዝም አልን። ለካ መስመሩ እኛ ካልነውም አንድ ስንዝር ወደ እኛ ገባ ያለ ነው። ሽማግሌ ጠርተን፣ ገመድ ወጥረን፣ በጉቶው መስመር የድንበር ድንጋይ ተከልን። ያን ሌሊት ስለዚያ 300 ብር እያሰብን እንቅልፍ አልወሰደንም።

ማክሰኞ ገበያ ወረድን። ታላቁን ልጅ ፈልገን አገኘነው። 300 ብሩን ዘረጋንለት።

«የምን ነው?» አለ።

ነገሩን ሁሉ ነገርነው። ሳቀ። አሁን ጉቶውን እንዲነቅሉልን ጠየቅነው። በ800 ብር ተስማማን። በዚህ ጊዜ ግን ወረቀት አወጣን። «ጉቶው ይነቀላል። ጉድጓዱ ይደፈናል። እንጨቱ የባለቤቱ ነው። ምሳ ከባለቤቱ» ብለን ጻፍን። ልጁ ወረቀቱን ተቀብሎ ቀስ እያለ አነበበው። ከዚያ እርሳሳችንን ጠየቀና ከታች አንድ መስመር ጨመረ።

«እራትም ከባለቤቱ» ይላል። ፈረምን።