ሳያዩ ስለ መፍረድ

ሰው ከሚበላው እንጀራ ይልቅ በቶሎ የሚያገኘው ነገር ፍርድ ነው። እንጀራ ለመብላት መዝራት፥ ማጨድ፥ መፍጨትና መጋገር ያስፈልጋል፤ ለመፍረድ ግን አፍን መክፈት ብቻ ይበቃል። ይህንንም የምጽፈው ሌላውን ለመውቀስ ብሎ የተነሣ ሰው ሆኜ አይደለም። ሠላሳ ስምንት ዓመት በመምህርነት ሳገለግል ከፈረድኋቸው ፍርዶች አንዱ እስከ ዛሬ ድረስ ስለሚከሰኝ ነው።

ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ልጄን ለመጠየቅ ወደ እንግሊዝ አገር ሄጄ ነበር። አንድ ቀን ኮቨንትሪ ወደምትባል ከተማ ወሰደችኝ። የዚያች ከተማ ጥንታዊ ካቴድራል በፈረንጆች አቆጣጠር ኖቬምበር 14 ቀን 1940 በጀርመን አውሮፕላኖች ተደብድቦ ግድግዳውና የደወል ግንቡ ብቻ ቀርተዋል፤ ከጎኑም አዲስ ካቴድራል ተሠርቶ በ1962 ተመርቋል። ስለ ፈረንጆቹ ነገር ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታትም ሁሉ በእነርሱ አቆጣጠር ናቸው። በአዲሱ ካቴድራል የውጭ ግድግዳ ላይ ከነሐስ የተሠራ ታላቅ የቅዱስ ሚካኤል ምስል አለ። እኛ በሥዕል የለመድነው ሚካኤል ሰይፉን የመዘዘ ነው። ይህ ግን ክንፉንና እጆቹን ዘርግቶ፥ ጦር ይዞ ቆሞአል፤ ከእግሩ በታችም ዲያብሎስ ታስሮ ተዘርሮአል።

በፈረሰው ካቴድራል ውስጥ ደግሞ ከድንጋይ የተቀረጸ ሌላ ምስል አየሁ። የእሾህ አክሊል የደፋ፥ እጆቹም የታሰሩ ክርስቶስ ነው። አንገት የሌለው እስኪመስል ድረስ ራሱ በትከሻው ላይ ተጭኖአል፤ ፊቱም ሰፊና ከባድ ነው። እውነቱን ለመናገር አልወደድሁትም። ወዲያውም ልጄን፥

«ይህን የሠራ ሰው ጌታን ምን አድርጎ ነው ያየው?» አልኋት።

«አባዬ፥ ገና አሁን መድረስህ እኮ ነው፤ እስቲ መጀመሪያ ተቀመጥና እየው» አለችኝ።

ለልጆች ስናገር የኖርሁትን ምክር ከልጄ አፍ ስሰማ አፈርሁና ተቀመጥሁ። ጥቂት ቆይቼም ያ ከባድ ፊት አላፊ አግዳሚው ቢሰድበው የማይመልስ፥ ግን ከቦታው የማይነቃነቅ ሰው ፊት ሆኖ ታየኝ።

ሁለቱንም ምስሎች የሠራው አንድ ሰው ነው፤ ስሙም ጃኮብ ኤፕስታይን ይባላል። በ1880 በኒው ዮርክ ከተማ፥ ከፖላንድ ከተሰደዱ አይሁዳውያን ወላጆች ተወለደ፤ ድሆች ስደተኞች በሚኖሩበት ሠፈርም አደገ። ስለዚያ ሠፈር ኑሮ ለተጻፈ መጽሐፍ ሥዕል ሥሎ ባገኘው ገንዘብ በ1902 ወደ ፓሪስ ተሻግሮ ተማረ። በ1905 ለንደን ገባ፤ በ1911ም የእንግሊዝን ዜግነት ተቀበለ።

በ1907 የእንግሊዝ ሐኪሞች ማኅበር ስትራንድ በሚባለው ጎዳና ለሚያሠራው ሕንፃ 18 ምስሎች እንዲቀርጽ ታዘዘ። ኤፕስታይንም የሰውን ልጅ ዕድሜ የሚያመለክቱ ራቁት ምስሎችን ቀረጸ፤ ከመካከላቸውም አንዷ እናትነትን የምታሳይ ሴት ነበረች። በ1908 ሥራው መታየት ሲጀምር ታላቅ ጩኸት ተነሣ። ጥንቁቅ አባት ሴት ልጁን ሊያሳያት የማይገባ ነገር ነው ብሎ የጻፈ ጋዜጣም ነበር። ሕዝቡም ነውር የተባለውን ለማየት ወደዚያው ጎዳና ጎረፈ።

በዚህ ጊዜ የስቴፕኒ ጳጳስ የነበሩት፥ ኋላም የካንተርበሪ ሊቀ ጳጳስ የሆኑት ኮስሞ ላንግ ያደረጉት ነገር በጣም ደስ ያሰኘኛል። ሌላው ሰው ከመንገድ ላይ ሆኖ ሲከራከር እርሳቸው የግንበኞቹን መሰላል ወጥተው ምስሎቹን በቅርብ ተመለከቱ። ከዚያም ወርደው ምንም ነውር እንዳላገኙባቸው ተናገሩ። ምስሎቹም በቦታቸው ጸኑ። አንባቢ ሆይ፥ ስለ ንጽሕና መቆም ሥራቸው የሆነ ጳጳስ መሰላል ለመውጣት ካላፈሩ፥ እኛ ሰውን ከመኰነናችን በፊት አንድ እርምጃ ለመቅረብ ለምን እናፍራለን?

የሚያሳዝነው ግን መሰላል የሚወጣ ሁልጊዜ አለመገኘቱ ነው። ሕንፃው በ1935 በደቡብ ሮዴዢያ መንግሥት እጅ ገባ። በ1937 ከአንዱ ምስል ስባሪ ድንጋይ በመውደቁ፥ ለመንገደኛ ያሰጋሉ ተባለና የምስሎቹ ፊትና እጅ እየተፈለጠ ተጣለ። ሕንፃው ኋላ የዚምባብዌ መንግሥት ሆነ፤ ምስሎቹም እንደ ተቆራረጡ ዛሬም በግድግዳው ላይ ይታያሉ። በ1925 በሃይድ ፓርክ የቆመው ሪማ የተባለው ሥራውም አንድ ጊዜ አረንጓዴ ቀለም፥ ሌላ ጊዜ ሬንጅና ላባ ተደርጎበታል። አዳም የተባለው ታላቅ ምስሉ ደግሞ ብላክፑል በምትባለው የመዝናኛ ከተማ፥ ሕዝብ ሳንቲም እየከፈለ ሊሣለቅበት እንደ ትርኢት ቀርቦአል። ያ እኔ ያልወደድሁት ክርስቶስም በ1935 ለሕዝብ በታየ ጊዜ ብዙ ተሰድቦ ገዢ አጣ፤ ሠሪው እስኪሞት ድረስም በሥራ ቤቱ ቆየ። ወደ ፍርስራሹ የገባው በ1969 ነው።

ይህ ሰው ለእኛም ፈጽሞ ባዕድ አይደለም። ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በጣሊያን ወረራ ምክንያት ተሰደው በ1936 ለንደን በገቡ ጊዜ፥ ኤፕስታይን ምስላቸውን ሠርቶአል። የሰው መልክ ሲሠራ ልማዱ በመጀመሪያ በጭቃ አበጅቶ ከዚያ በነሐስ ማስቀረጽ ነበር። ብዙ መንግሥታት ፊታቸውን ባዞሩበት በዚያ ዓመት፥ አንድ የስደተኞች ልጅ የተሰደደውን ንጉሥ ፊት ትኩር ብሎ እያየ በጣቶቹ ጭቃ ሲያበጅ ይታየኛል።

ነገር ግን ሰውዬውን ጻድቅ አድርጌ ላቀርበው አልፈልግም። በትዳሩ ታማኝ አልነበረም፤ ከሌሎች ሴቶችም ልጆች ወልዶአል። ሚስቱ በ1923 ከወዳጆቹ አንዲቱን በጥይት ትከሻዋ ላይ እስከ መምታት ደርሳለች፤ ያችው ሚስት ደግሞ ከእርስዋ ያልተወለዱ ልጆቹን አሳድጋለታለች። የሰር ማዕረግ የተቀበለበት 1954 ከልጆቹ ሁለቱን የቀበረበት ዓመት ነበር። የእጅ ሥራ ማማር የኑሮን ጉድፍ አያጥብም፤ ለሚስቱ ዕንባ ነሐስ ካሣ ሊሆን አይችልም። ሆኖም ከመንገድ ላይ የጮኹት ሰዎች የከሰሱት በዚህ አልነበረም። እውነተኛው ጥፋቱ ሳይታይ፥ ጥፋት ባልሆነው ተወገዘ። ሳያዩ መፍረድ ክፉነቱም ይኸው ነው፤ ንጹሑን ሲመታ በደለኛውን ይስተዋል። ለኮቨንትሪ ሥራ በታሰበ ጊዜም አንድ ሰው አይሁዳዊ መሆኑን አንሥቶ ቢቃወም፥ የካቴድራሉ ንድፍ አውጪ ባዚል ስፔንስ ኢየሱስ ክርስቶስም አይሁዳዊ እንደ ነበር መለሱለት ይባላል። ኤፕስታይን ሚካኤልን ሠርቶ ጨረሰ፤ ነገር ግን በ1959 ስለ ሞተ በ1960 ሲገለጥ ለማየት አልታደለም።

አሁን ወደ ራሴ ልመለስ። እኔ በሚስዮን ትምህርት ቤት ያደግሁ ነኝ፤ የተቀረጸ ምስል ሲነሣ ጣዖት የሚለው ቃል ቀድሞ ወደ አፌ ይመጣ ነበር። በ1979 ዓ.ም. በአንዲት የገጠር ከተማ የስድስተኛ ክፍል ልጆችን በእጅ ሥራ ትምህርት ከጭቃ የወደዱትን እንዲሠሩ አዘዝኋቸው። አንዱ በሬ፥ ሌላው ማሰሮ ሠራ። የሸክላ ሠሪ ልጅ የነበረ አንድ ዝምተኛ ተማሪ ግን ጡትዋን አውጥታ ሕፃን የምታጠባ ሴት ሠርቶ አመጣ። ክፍሉ በሣቅ ፈረሰ። እኔም ቀርቤ ሳላየው «ባለጌ!» ብዬ ምስሉን ከእጁ ነጥቄ ከመሬት ጣልሁና በጫማዬ ረገጥሁት። ልጁ ጭቃውን ለቃቅሞ ዝም ብሎ ተቀመጠ።

በዚያው ሳምንት እናቱ በቅርብ ወልዳ እንደ ተነሣች ሰማሁ። ልጁ የሠራው በየማታው በቤቱ ምድጃ አጠገብ የሚያየውን ነበር። እኔስ በቤተ ክርስቲያን፥ በገበያ፥ በለቅሶ ቤት እናቶች ሲያጠቡ ስንት ጊዜ አይቻለሁ! አንድ ቀንም አስነውሮኝ አያውቅም። ይቅርታ ልጠይቀው አስቤ ነበር፤ መምህር ተማሪን ይቅርታ ቢጠይቅ ክብሩ ይወድቃል ብዬ ተውሁት። በዓመቱም ወደ ሌላ ቦታ ተዛወርሁ።

ከእንግሊዝ አገር ከተመለስሁ በኋላ ያንን ልጅ አፈላልጌ አገኘሁት። ዛሬ ፀጉሩ የሸበተ ግንበኛ ነው። በሥራው ቦታ ድንጋይ ላይ ተቀምጠን ነገሩን አንሥቼ፥ በቍጣ ያደረግሁትን ይቅር እንዲለኝ ለመንሁት። እርሱም ጥቂት አሰበና፥

«ጋሼ፥ ይቅር ብያለሁ። ምስሉን እንኳ ደኅና አድርጌ አላስታውሰውም። ግን እርስዎ አልተቈጡም ነበር። ልጆቹ ሲሥቁ አብረው ሥቀው ነበር» አለኝ።

አንባቢ ሆይ፥ ይህን ስሰማ የምመልሰው ቃል አጣሁ። ይህን ሁሉ ዓመት ለምግባር ቀንቼ የተቈጣሁ መስሎኝ፥ ጥፋቴን እንኳ አሳምሬ ይዤው ኖሬአለሁ። እኔ ግን ከመንገድ ላይ ከሚሥቁት አንዱ ነበርሁ። ሳንቲም ከፍሎ አዳምን ሊሣለቅበት ከሄደው ሰው በምን እሻላለሁ?

የቸኰለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። እህል ከሆነ እሰየው ይለቀማል፤ በልጅ ልብ ላይ የፈሰሰ ሣቅ ግን አይለቀምም። መምህራን ሆይ፥ ወላጆችም ሆይ፥ ልጅ የእጁን ሥራ ይዞ ሲመጣ ሥራው ቢያስደንቃችሁ፥ ቢያስቀይማችሁም፥ በመጀመሪያ ጐንበስ ብላችሁ እዩት፤ ቀጥሎም ምን እንደ ሆነ ጠይቁት። መገሠጽ የሚያስፈልግ ከሆነ ከዚያ በኋላ ጊዜ አለ። እኔ በዚያ ቀን መሰላል እንኳ አላስፈለገኝም ነበር፤ አንድ ጊዜ ጐንበስ ማለት ይበቃኝ ነበር።