ስድስት ጫማ ወይስ ሰባት?

መቼም እኛ ዕቃ ስንገዛ ትልቁን ነው የምንወደው። ሶፋው በበር አልገባ ብሎ በመስኮት ቢገባም ትልቅ ይሁን። እናም ታላቅ ወንድሜ ከሚኒሶታ ደውሎ «ሰባት ጫማውን ልግዛ ብዬ ነው» ሲለኝ ብዙም አልገረመኝም። ጫማ ስል የእግር እንዳይመስላችሁ፤ አሜሪካኖቹ የሚለኩበት ነው፣ አንዱ 30 ሳንቲ ሜትር ከምናምን።

ወንድሜ ከሴንት ፖል ወጣ ብሎ ቤት ገዝቷል። ከዋናው መንገድ እስከ ደጁ 200 ሜትር የሚሆን የጠጠር መንገድ አለው። መንገዱ የግሉ ስለሆነ ማዘጋጃ ቤት ዞር ብሎም አያየው። ታኅሣሥና ጥር ላይ በረዶ ይዘጋዋል። ሚስቱ ነርስ ናት፤ ፈረቃዋ ከንጋቱ 12 ሰዓት ስለሚጀምር መንገዱ ከ11 በፊት መጠረግ አለበት። ለዚህ ብሎ 25 የፈረስ ጉልበት ያላት ትንሽ ትራክተር ገዛ። የቀረው ከኋላዋ የሚንጠለጠለው ብሌድ ነው። መንገድ ሥራ ላይ የምታዩትን ግሬደር አስቡና ምላጩን አሳንሳችሁ ከትራክተር ጀርባ ስቀሉት፤ እሱ ነው።

ሻጩ ሰባቱን ይገፋል። እኔ ደግሞ የቤቱ መሐንዲስ ነኝ፤ ትራክተር ላይ ወጥቼ አለማወቄን ማንም ከቁም ነገር አይቆጥረውም።

«ጋሼ፣ መጀመሪያ የኋላ ጎማዎቹን ከውጭ ጠርዝ እስከ ውጭ ጠርዝ ለካልኝ» አልኩት። 150 ሳንቲ ሜትር ሆነ። ታዲያ አምስት ጫማው 152 ስለሆነ ይበቃዋል ትሉ ይሆናል። አይበቃም። ብሌዱ በረዶውን ወደ ጎን እንዲገፋ ሰያፍ ይደረጋል፤ ሲሰየፍ ደግሞ የሚጠርገው ስፋት ይቀንሳል። 30 ዲግሪ ሲዞር አምስት ጫማው ወደ 132 ይወርዳል። ትራክተሯ ቀድማ የረገጠችው በረዶ ግራና ቀኝ ሳይነካ ይቀራል ማለት ነው። የተረገጠ በረዶ ሲያድር ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ፤ መስታወት ነው። በዚያ ላይ መኪና የምታስነሳው ሚስቱ ናት። ስድስት ጫማው ግን በዚያው ማዕዘን 158 ይሸፍናል።

ሰባቱስ? ሻጩ ውሸታም አይደለም። ብሌዱን ሁልጊዜ 45 ዲግሪ አዙሮ ለሚሠራ፣ ደረቅና ቀላል በረዶ ለሚገፋ ሰባቱ ያስኬዳል። ከባዱ፣ እርጥቡ ሲመጣ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ሞተሩ ጉልበት ሳያጣ ትራክተሯ ቀላል በመሆኗ ብቻ ጎማው መሬት መያዝ ያቅተውና ባለበት ይሽከረከራል። የረዘመ ብሌድ ጫፉ ድንጋይ ሲነካ ደግሞ እንደ ረጅም ማንሻ ሆኖ ትራክተሯን ወደ ጎን ይጠመዝዛታል። በበጋ ጠጠሩን ሲያስተካክልበትም ያው ነው፤ ጠጠር ከበረዶ ይከብዳል።

ወንድሜ ይሄን ሁሉ ሰምቶ ዝም አለ። ልጅ ሳለ አያታችን ዘንድ እርፍ ጨብጧልና ወደዚያ ወሰድኩት። የእኛ ማረሻ ጠባብ መስመር ነው የሚከፍተው፤ በመሃል ሳይታረስ የቀረውን ገበሬው ተመልሶ በአግድም ያርሰዋል። ማረሻውን ሰፋ አድርጎ በአንድ ዙር ልጨርስ ቢል ጥማዱ ይቆምበታል። አያታችን መሬቱን ከማየታቸው በፊት በሬዎቹን ነበር የሚያዩት።

«እሱስ ልክ ነህ» አለኝና ስድስቱን ሊያዝ ተስማማ። ግን አላበቃም። ደጁ ጋ ትንሽ ቁልቁለት ስላለ ትራክተሯ እንዳታጋድል ቸርኬውን ገልብጦ ጎማዎቹን ወደ ውጭ ሊያሰፋቸው አስቧል። እንደዚያ ከሆነ 150ው 150 አይደለም። ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት ጎማውን አስፍቶ እንደገና እንዲለካ ነግሬዋለሁ፤ ቁጥሩን በቴሌግራም እስኪልክልኝ እየጠበቅሁ ነው።